ዲስኩ ላይ የቆመው ሰው

ገዳሪፍ ውስጥ የሴቶችን የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነቱ እንደዚያ ስለነበረ ነው። በሱዳን ሠርግ ሴቶች ለብቻቸው ሲጨፍሩ ካሜራውን የምትይዘው ሴት ናት፤ የተቀረጸውን ተቀምጣ የምትቆርጠውና የምትቀጥለውም ሴት መሆን አለባት። ሙሽራዋ ፀጉሯን ለቃ የምትጨፍረውን ጭፈራ ባዕድ ወንድ እንዲያየው ቤተሰቧ አይፈቅድም። ስለዚህ ከገበያው ጀርባ የምሠራበት ስቱዲዮ ሁለት ክፍል ነበረው፤ የፊተኛው የወንዶቹ፣ የኋለኛው የእኔ። በእኔ ክፍል በር ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። ያን መጋረጃ ገልጠው የሚገቡት የስቱዲዮው ባለቤት ሓጃ ብቻ ነበሩ።

ሓጃ ስድሳን የተሻገሩ ሱዳናዊት ናቸው። ስቱዲዮውን ያቋቋሙት ባላቸው ሲሞቱ ሰው ሁሉ ይሸጡታል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ቁልፉን ወገባቸው ላይ አስረው ሥራውን ቀጠሉ። እኔን የቀጠሩኝ ትምህርት እንደጨረስኩ ነው። ዓረብኛዬ እንደነሱው ነበር፤ እዚያው ተወልጄ አድጌ ሌላ ሊሆን አይችልም። አማርኛዬ ግን የቤቴ ነው። አባቴና እናቴ በጦርነቱ ዘመን ከጎንደር ቆላ፣ ከአርማጭሆ ተነሥተው ድንበሩን በእግራቸው የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። እናቴ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ አረፈች፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ የእኔና የአባቴ ብቻ ሆነ። አባቴ የትራክተር ሹፌር ነበር። ፋሽጋ በለው መፋዛ፣ ያላረሰበት መሬት አልነበረም። ይህ የምተርከው ነገር በሆነበት ጊዜ ዓይኑ ደክሞ መንዳቱን ትቶ፣ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ይጠግን ነበር።

የሠርግ ቪዲዮ ሲጀምር የሙሽሮቹ ስም በወርቅ ፊደል እየተሽከረከረ፣ አበባ እየዘነበበት እንዲወጣ የማይፈልግ ቤተሰብ አልነበረም። እኔም እሠራላቸው ነበር። ችግሩ ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ምስል አንድ በአንድ አስልቶ የሚስላት መሆኑ ነው። ለአሥራ አምስት ሰኮንድ የወርቅ ፊደል አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ ነበረብኝ። በክረምት ደግሞ መብራት ይሄዳል። ማታ ልትጨርስ ጥቂት የቀራት ሥራ መብራቱ ጥፍት ሲል አብራ ትጠፋለች፤ ከአንድ መጀመር ነው። አንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆኖብኝ የሙሽራዋ እናት ስቱዲዮው በር ላይ ቆመው ሲጮኹ፣ ሌላ መንገድ ካላገኘሁ ይህን ሥራ እተወዋለሁ ብዬ ማልኩ።

ሌላውን መንገድ ያገኘሁት በስልኬ ነው። በዓረብኛ የሚጻጻፉ የኮምፒውተር ባለሙያዎች መድረክ ላይ አንድ ሰው፣ ጌም የሚሠራበት ሶፍትዌር ምስሉን ቁጭ ብሎ አያሰላም፣ እያየኸው በዚያው ቅጽበት ይስለዋል፤ ስለዚህ በዚህ ሶፍትዌር፣ በጌም ኢንጂን፣ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች አሉ ብሎ ጽፎ አነበብኩ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ላወርደው ስሞክር ገጹ ከሱዳን መሆኔን አውቆ አልከፍትም አለኝ፤ ያን ጊዜ አሜሪካ ሱዳን ላይ በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት ብዙ ነገር እንደዚያ ነበር። ሓጃ ካርቱም ለሚማር የእህታቸው ልጅ ደወሉለት። ለኢድ ሲመጣ በሁለት ፍላሽ ሞልቶ አመጣልኝ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ስክሪኑ ላይ ባዶ ሜዳና አንድ ሣጥን አስቀመጥኩ። ከዚያ ፀሐይዋን በማውስ ይዤ ጎተትኳት። የሣጥኑ ጥላ አብሮ ዞረ። ጠዋቱን ቀትር አደረግሁት፤ ቀትሩን አመሻሽ። መጠበቅ የለ፣ ማስላት የለ። ሓጃን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ፀሐይ ማዘዝ ጀመርሽ?» አሉ።

«ጀመርኩ» አልኳቸው።

የቀረው ትዕግሥት ነው። ከስክሪኑ ግርጌ የጊዜ መስመር አለ። በሁለተኛው ሰኮንድ ካሜራው እዚህ ይሁን፣ በስድስተኛው እዚያ ይሁን ብዬ ምልክት እተዋለሁ፤ መካከሉን ኢንጂኑ ራሱ ይሞላዋል። ሰውም እንደዚሁ ነው፤ እጁ እዚህ፣ ከዚያ እዚያ። ካሜራው ቶሎ ደረሰ መሰለኝ? ምልክቱን ትንሽ ገፋ አድርጌ ወዲያው አየዋለሁ። መብራት ቢሄድም የምተወው የተቀመጠ ሥራ ነው፤ ሲመጣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። በሁለት ወር ውስጥ የከተማው ሙሽሮች ስም በአባይ ላይ እየተንሳፈፈ ይመጣ ጀመር። ሰው ወደደው።

አንድ ቀን፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐኪም ወደ ስቱዲዮው መጡ። ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሱዳናዊ ነበሩ። የመጡት ቪዲዮ ሊያሠሩ ነው። ከሓጃ ጋር በፊተኛው ክፍል ተቀምጠው ሲነጋገሩ እኔም ተጠራሁ።

«ዲስክ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

እንዴት አላውቅም? ዲስክ ከትራክተር ኋላ የሚጎተት ማረሻ ነው። እንደ ትልልቅ ሳህን ክብ ሆነው የተሳሉ ብረቶች በተርታ ተደርድረውበታል። በላዩ ላይ የዘር ሣጥን አለ፤ ማሽላው ወይም ሰሊጡ በቱቦ እየወረደ ከብረቶቹ ኋላ ይዘራል። ሣጥኑን የሚጠብቅ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ አብሮ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሰው የኛ አገር ሰው ነው። ለክረምቱ ሥራ ከመተማና ከጎንደር ወረዳዎች የሚመጣውን ሠራተኛ እኛ ሳሉግ እንለዋለን።

«ከዚያ የሚወድቁትን የምቀበላቸው እኔ ነኝ» አሉ ሐኪሙ። «ሁልጊዜ በዘር ወቅት። እግር እቆርጣለሁ፤ ሌላ የማደርገው ነገር የለም። ዝናቡ ሳይገባ፣ ሰዎቹ ወደ እርሻ ሳይበተኑ የማሳያቸው ፊልም እፈልጋለሁ። ማንበብ የማይችለውም እንዲገባው።»

ሓጃ ፊታቸውን አኮማተሩ። «ሰው ከዲስክ ሲወድቅ እንዴት ተደርጎ ነው የሚቀረጸው?»

«ያቃተኝ እሱ ነው» አሉ ሐኪሙ።

«አይቀረጽም» አልኩ እኔ። «ይሠራል። እኔ እሠራዋለሁ።»

ሐኪሙ ወደ ሓጃ ዞሩ። ሓጃ ደግሞ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ቁልፋቸውን እያንሿሹ፣ «ትሠራዋለች ካለች ትሠራዋለች» አሏቸው። ሐኪሙ ፊልሙ እንዲናገር የሚፈልጉትን በአንድ ቅጠል ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነበር፤ ሥራ ላይ አትዘናጉ፣ ዲስክ ላይ ቆማችሁ አታንቀላፉ፣ አትቀልዱ።

መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር ኢንጂኑ ይዞት የመጣው ዓለም የሰው አገር መሆኑ ነው። ዛፉ የብርድ አገር ዛፍ ነው። ቤቱ ባለ ጭስ ማውጫ ነው። ሰውየው ደግሞ ለተኩስ ጌም የተሠራ ስለነበረ ትከሻውን ነፍቶ፣ የሌለ ጠመንጃ ታቅፎ ነው የሚራመደው። ሁሉንም አውጥቼ ጣልኩ። የገዳሪፍን ጥቁር መሬት ከባዶ ሠራሁ፤ ዝናብ ሳይነካው የተሰነጣጠቀውን፣ ዝናብ ከነካው በኋላ ጫማ የሚያወልቀውን። ሜዳው ሰማዩ ጋ እስኪደርስ ድረስ ጎባጣ እንዳይኖረው አደረግሁ። ለሰውየው ቁምጣ አለበስኩት፤ ኮንጎ ጫማ አጫማሁት፤ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣልኩለት።

ትራክተሩን ለመሥራት አባቴ ጋራዥ ሄድኩ። ለጥገና የቆመ አንድ ቀይ ትራክተር ነበር። በሜትር ለካሁት፤ በሁሉም በኩል ፎቶ አነሳሁት። አባቴን ደግሞ መሪው ላይ አስቀምጬ በሠርግ ካሜራዬ ቀረጽኩት፤ አነዳዱን፣ አቀማመጡን አይቼ የፊልሙን ሹፌር በዚያ ላንቀሳቅሰው ነው።

«ነድተህ አሳየኝ አባ» አልኩት።

«ሞተር በሌለው ትራክተር?»

«እንዳለው አድርገህ።»

ሳቀ። ከዚያ ግን እጁን መሪው ላይ ሲያስቀምጥ ሳቁ ጠፋ። አንገቱ ወደ ፊት ተቀሰረ። ጉልበቱ በራሱ ጊዜ ይነቀነቅ ጀመር፤ መሬቱ ሳይኖር የመሬቱን ጉድጓድ እግሩ ያውቀዋል። ለአንድ ሰዓት ያህል ቀረጽኩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞረም። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያው ቅንብር ደረሰ። አራት ደቂቃ ነበር። ሰውየው ዲስኩ ላይ ቆሞ ይሄዳል፤ ፀሐዩ ይከብደዋል፤ ዓይኑ ይከደናል፤ ጭንቅላቱ ዘንበል ይላል፤ ሚዛኑን ይስታል። ካሜራው ከጎን በኩል ቀርቦ የብረቱን መሽከርከር ያሳያል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይጨልማል። ደም አላሳየሁም። በበኩሌ ያማረ ሥራ ነበር። ሓጃ ሁለት ጊዜ አዩት። ሐኪሙ ሳያዩት በፊት ግን አባቴ እንዲያየው ፈለግሁ፤ ትራክተሩን የሚያውቀው እሱ ነው።

ወንድ የማይገባበት ክፍል መሆኑ አስቸገረኝ። ሓጃ የሠርጉን ሁሉ ፋይል አስዘጉኝና መጋረጃውን ራሳቸው ገልጠው፣ «ተፈደል፣ ግባ፣ ያ ሓጅ» አሉት። አባቴ ሓጂ አይደለም፤ ማተቡ አንገቱ ላይ ነው። ሓጃ ግን በዕድሜ ገፋ ያለውን ወንድ ሁሉ እንደዚያ ይጠሩታል፤ እሱም አይከፋውም። ቆቡን አውልቆ ገባ፤ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። አጫወትኩለት።

ሰውየው ዓይኑን ሲከድን አባቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሲያልቅ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ቆቡን አደረገ፤ ሓጃን እጅ ነሣ፤ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

«አልወደደውም?» አሉኝ ሓጃ።

«እንጃ» አልኩ። ደነገጥኩ። አባቴ ነገር የሚያለሳልስ ሰው ነው እንጂ እንደዚያ ጥሎ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ቤት ስገባም ተኝቶ አገኘሁት፤ ወይም የተኛ መስሎ።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር፤ ሥራ የለም። ጠዋት ፉል ገዝቶ፣ ቂጣውን ቆራርሶ ጠበቀኝ። አንድ ጉርሻ ሳይጎርስ፣ «ያ ሰውዬ አልተኛም» አለኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ከኔ ዲስክ ላይ የወደቀው።»

በዕድሜዬ ሙሉ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

«የኛው አገር ሰው ነበር፤ የአርማጭሆ ሰው» አለ። «ወጣት፣ ድምፀ መልካም። ሲዘፍን ነበር የሚውለው። ምን እንደሚዘፍን እኔ አልሰማም፤ ሞተሩ አያሰማም። ሜዳው ጫፍ ደርሼ ስዞር ግን አፉ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ያን ቀን መሬቱ ርሷል። ጭቃው የዘሩን ቱቦ ይደፍነዋል። በዘሩ መካከል ባዶ ትልም ከታየ የባለ እርሻው ወኪል የሚቆጣው እሱን ነው፤ ስለዚህ እየጎነበሰ በእንጨት ይከፍተዋል። እየሄድን። አቁምልኝ ብሎ ጮሆም ይሆናል፤ እኔ የማየው ፊቴን ነው፤ ትልሙ እንዳይጣመም። ጫፍ ደርሼ ስዞር ሰው የለም።»

«ከዚያስ አባ?»

«ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። በመጣሁበት ትልም ወደ ኋላ ሄድኩ።» ቂጣውን በጣቶቹ ሲፈረፍር ቆየ። «ወኪሉ ለቤተሰቡ፣ ሰክሮ ነው የወደቀ ብሎ መልእክት ሰደደ። እኔንም ሰው ፊት፣ ሰክሮ ነበር አይደል? ሲል ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። ያኔ ዝም ካልሽ አዎ ማለት ነው። አንቺ ገና ዳዴ ትያለሽ፤ እናትሽ ታማለች፤ ወንበሩን የሚፈልግ ሹፌር ደግሞ በር ላይ ተሰልፏል።»

«ሰክሮ ነበር ወይ?»

«ጠብታ አልቀመሰም፤ ፍልሰታ ነበር'ኮ። ጿሚ ነበር።»

ላጽናናው ብል የሚጽናና አልመሰለኝም። ስለዚህ የማውቀውን ጠየቅሁት። «ና እንሥራው» አልኩት። «እንደሆነው አድርገን እንሥራው። አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልሥራ።»

የእጁን ፍርፋሪ አራገፈ። «ይቻላል?»

«ዛሬውኑ ይቻላል።»

ሓጃ ዓርብ ዕለት ስቱዲዮውን አይከፍቱም፤ ለኛ ግን ከፈቱልን። አባቴ ከጎኔ ተቀመጠ። ካሜራውን ከዲስኩ ጎን አንሥቼ ወደ ሹፌሩ ወንበር አዛወርኩት፤ ከትከሻው በላይ፣ ዓይኑ የሚያየውን እንዲያይ። ይህን በድሮው አሠራር ባደርገው የሳምንት መዘዝ ነበረው። አሁን ማውሱን ለቀቅሁ፤ ስክሪኑ ላይ የተሠራው ሜዳ ከፊታችን ተዘረጋ፤ ትራክተሩም ሄደ።

«ዝቅ አድርጊው» አለ አባቴ። «እኔ እንደዚያ ረጅም ነኝ?»

ዝቅ አደረግሁት።

«ድምፁን ጨምሪው። እሱ ነው ሁሉን የጋረደኝ።»

የሞተሩን ድምፅ ጨመርኩት። እንግዲህ የተመልካቹ ዓይን ከፊት ብቻ ነው፤ ጆሮው በሞተር ተሞልቷል። ከኋላ የሚሆነውን አያይም። የሰውየውን ድምፅ ከሞተሩ በታች፣ ሊሰማ ጥቂት ሲቀረው አስቀመጥኩት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ትልሙ ሠላሳ ሰኮንድ ይሄዳል። ለፊልም ሠላሳ ሰኮንድ ረጅም ነው፤ ላሳጥረው ብል አባቴ እጄን ያዘኝ።

«ተይው» አለ። «ይርዘም።»

ከዚያ ሹፌሩ ይዞራል፤ ካሜራውም አብሮት ይዞራል። የዘሩ ሣጥን ክዳን ተከፍቶ ይንቀጠቀጣል። የቆመ ሰው የለም። በዚያ ላይ ስክሪኑን አላጨለምኩትም፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሜዳው ጸጥ ሲል እንዲታይ ተውኩት። ከዚያ ታሪኩ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ቱቦው ይደፈናል፤ ሰውየው ከዲስኩ ጋር የተያያዘ ገመድ ይስባል፤ ገመዱ ሹፌሩ ክንድ ላይ የታሰረ ነው፤ ሹፌሩ ያቆማል፤ ሰውየው ወርዶ ቱቦውን ይከፍታል። ገመዱ የአባቴ ሐሳብ ነው። ከዚያ አደጋ በኋላ እስከ መጨረሻው የነዳው ክንዱ ላይ ገመድ አስሮ እንደነበረ ያን ቀን ነገረኝ።

ሐኪሙ አዲሱን ቅንብር ሲያዩ የጻፉትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይህ እርስዎ ከጻፉት ጋር አይገጥምም» አልኳቸው። «ሰዎቹ ስለተዘናጉ አይደለም የሚወድቁት። ሥራቸውን ሲሠሩ ነው። አትዘናጉ ብንላቸው ይስቁብናል። ሹፌሩንና ወኪሉን ነው አቁሙ ማለት ያለብን።»

ከዚያ አባቴን አስገባሁትና የሆነውን ራሱ ነገራቸው። ሐኪሙ ሲሰሙ ቆይተው፣ «እኔ ሰውየውን የማየው ሆስፒታል ሲደርስ ነው» አሉ። «ከዚያ በፊት ያለውን ማን ይነግረኛል?» ወረቀቱን ለሁለት ቀድደው ኪሳቸው ከተቱት። «የእናንተው ይሁን» አሉ።

ድምፁን ያስገባነው አባቴን አስነብበን ነው። የአማርኛውን እሱ አነበበ፤ የትግርኛውን ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር የመጡ አንድ መምህር።

ፊልሙ መጀመሪያ የታየው የከተማው ጫፍ ላይ ባለ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘኑ በዚያ ወቅት ባዶ ነበር። ዝናቡ ሊገባ ሲል ወደ እርሻ የሚሄዱ ሳሉጎች ጭነት መኪና እየጠበቁ እዚያው ጥላ ሥር ይውላሉ። እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮ በሮቹን ዘግተን አጨለምነው። ነጭ አንሶላ ሰቀልን። ሙቀቱ አይነሣ፤ አንድ መቶ የሚሆን ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ በፎጣው ያራግባል።

ሰውየው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሳቅ ሆነ።

«ኮንጎውን እዩት!» አለ አንዱ።

«ይኸማ የቋራ ሰው ነው! አረማመዱን አታዩም?»

«ኧረ ዝም በሉ፣ እንስማ!»

ዲስኩ ላይ ሲወጣም ሳቁ። ካሜራው ሹፌሩ ትከሻ ላይ ሲሄድ ሳቁ ቀነሰ። ትልሙ ሲረዝም ማንም አላራገበም። ከሞተሩ ሥር ያለችውን የሰው ድምፅ ለመስማት አንገታቸውን ሲያሰግጉ አየኋቸው። ሹፌሩ ሲዞር፣ ከኋለኛው ረድፍ አንድ ሰው፣ «እህ!» አለ።

በሮቹ ተከፍተው ብርሃኑ ሲገባ ወዲያው ማንም አልተነሣም። አንድ ወጠምሻ ሰው እጁን አወጣ። «ሹፌሩስ?» ብሎ ጠየቀ። «ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? ፊልማችሁ እሱን አልነገረንም።»

እኔ ልመልስ ስል አባቴ ከበሩ አጠገብ ተነሣ።

«ሹፌሩ እኔ ነኝ» አለ።

እንደዚያ ይናገራል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ከኔ ጋር አልተማከረም። ቤት ውስጥ ለኔ የነገረኝን ሁሉ መቶ ሰው ፊት ነገራቸው። ወኪሉ ያለውን፣ እሱ ዝም ያለውን አልደበቀም። በመጨረሻ የሟቹን ስም ጠርቶ፣ «ከናንተ መካከል የዚያ አገር ሰው ይኖራል?» አለ።

አንድ ፀጉሩ ሸበት ያለ ሠራተኛ በዝግታ ተነሣ። «ከወንድሙ ጋር ጎረቤት ነን» አለ። «ሰክሮ ሞተ ነው የተባልነው። እናቱ ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ድግስ አትሄድም።»

«እናቱ አሉ?»

«አለች። ዓይኗ ነው የጠፋ፤ እሷ አለች።»

አባቴ ተመልሶ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ውሃ አቀበሉት።

መኸር ተሰብስቦ መንገዱ ሲደርቅ አባቴ ተነሥቶ ሄደ። ሽበታሙ ሠራተኛ ወደ አገሩ ሲመለስ አብሮት በጋላባት በኩል መተማ ተሻገረ። አገሩን ከረገጠ ስንት ዘመኑ! ልሸኘው ስል፣ «አትምጪ፤ ይኸ የኔ ነው» አለኝ። ሁለት ሳምንት ቆየ። በነዚያ ሳምንታት የቆረጥኳቸው ሠርጎች ሁሉ የተዘበራረቁ ነበሩ፤ ሓጃ አይተው አለፉኝ።

ሲመለስ ከስቶ ነበር፤ ፊቱ ግን ፈካ ብሏል። ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቅሁት።

«ወንድሙ መጀመሪያ አላናገረኝም» አለ። «አንድ ቀን ሙሉ። ከበረት ሥር አደርኩ። በማግሥቱ እናቱ ጠሩኝ። ዓይናቸው አያይም፤ እጄን ያዙኝ። ሁሉን ነገርኳቸው። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማን ቀበረው? አሉኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ከሰዎቹ ጋር፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገን፣ ከዛፍ ሥር፤ ቦታውን ዛሬም አሳያለሁ አልኳቸው። ያን ጊዜ አለቀሱ። ወንድሙም ገባ። ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ፣ ልጄ ሰክሮ አልሞተም፣ ሥራው ላይ ነው የሞተ ብለው በአፋቸው ተናገሩ።» አባቴ ጫማውን ፈታ። «ወንድሙ በሚቀጥለው ክረምት መጥቶ መቃብሩን ያያል። አደራ ብሎኛል።»

ወንድምየው መጣ። አባቴ መፋዛ ድረስ ወሰደው።

ፊልሙን በተመለከተ፣ ሁሉም እርሻ ሰማን ብል ውሸት ነው። አንዳንድ ወኪሎች ትራክተር በየትልሙ እያቆምን ክረምቱ ሊያልቅብን ነው ብለው አማረሩ። ገመዱን ያሰሩ ሹፌሮች ግን ነበሩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ክረምት ሐኪሙ እጅ የገባው ከዲስክ የወደቀ ሰው ካለፉት ዓመታት ያነሰ እንደነበር ነገሩኝ፤ ምክንያቱ ፊልሙ ይሁን ሌላ ነገር እሳቸውም እንደማያውቁ ጨምረው። ያ ለኔ በቂ ነበር። ሰው ሲያመሰግነኝ አላፍርም፤ ጥሩ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ባየው የማዛውረው ካሜራ፣ የምገፋው ምልክት የለም።

ሓጃ የኋለኛውን ክፍል በግድግዳ ከፍለው ግማሹን ለኔ ፊልሞች ሰጡኝ፤ ለሱ መጋረጃ አላስፈለገውም። ሐኪሙ ቀጥለው ስለ እባብ ንክሻ እንድሠራ ጠየቁኝ። እባቡን ስሠራ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ፤ እግር የሌለውን ነገር ማስኬድ እግር ካለው ይብሳል። አባቴ ከጋራዥ ሲመለስ በየቀኑ ጎራ ይልና ቆሞ ያየዋል።

«እባብ እንደዚያ አይቸኩልም» ይለኛል።

እኔም ምልክቶቹን አራርቄ እንደገና አጫውትለታለሁ።